ሳይወሰድ የቀረ መድኃኒት፦ ስለ ሉፐስና ስለ ኑሮ

ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ የዓለም የሉፐስ ቀን በሚውልበት ሳምንት፣ አትላንታ አካባቢ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሳመጣው ጥቂቱን አሳጥሬያለሁ። ከተሰብሳቢው ለተነሱ ጥያቄዎች የመለስኩትንም በየቦታው አስገብቼዋለሁ። ዓመቶቹ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ለማያውቀው፣ ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ አካልን የሚያጠቃበት በሽታ ነው።

እንደምን ዋላችሁ። እሁድ ከሰዓት ነው። ከቅዳሴ ወጥታችሁ ቤት ሳትደርሱ የመጣችሁ አላችሁ። የሌሊት ፈረቃ ሠርታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ የሉፐስ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ በብዛት ከፋርማሲው ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ያየሁትን ነው። የቀረው ተመራማሪዎች ያገኙት ነው።

ፋርማሲ ውስጥ ከኋላችን መደርደሪያ አለ። ተዘጋጅቶ ያለቀ መድኃኒት በከረጢት ሆኖ፣ ስም ተለጥፎበት፣ በፊደል ተራ ባለቤቱን ይጠብቃል። አሥር ቀን፣ ሁለት ሳምንት። ባለቤቱ ካልመጣ ከረጢቱን እናወርዳለን፣ መድኃኒቱንም ወደነበረበት እንመልሳለን። የየቀኑ ሥራዬ ነው። ስሙን አንብቤ የኛ ሰው ሲሆን ግን እጄ ይከብደኛል።

አንድ ቀን ያወረድኩት ከረጢት ውስጥ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነበረ። ፕላኩኒል የምትሉት የሉፐስ መድኃኒት ነው። የአንዲት እህት ነው፣ ስሟን አልጠራም። በተከታታይ ሁለተኛ ጊዜዋ ስለነበር ደወልኩላት። «አለኝ እኮ፣ ገና አላለቀም» አለችኝ። 60 ፍሬ፣ በቀን ሁለት፣ በ30 ቀን ማለቅ አለበት። የእሷ በ70ኛው ቀንም አላለቀም። ምን እያደረገች እንደሆነ ገባኝ።

«ለምን?» አልኳት።

«ሁለት ሪፊል ብቻ ነው የቀረኝ። እነሱ ካለቁ ሐኪሙ ሳያየኝ አይጽፍልኝም። እሱ ጋ ለመሄድ ደግሞ አንድ ቀን ከሥራ መቅረት አለብኝ። ባለፈው ወር ቀርቼ ሱፐርቫይዘሬ ተቆጥቶኛል። እና እያብቃቃሁት ነው።»

እያብቃቃሁት ነው። ይቺ ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። እኛ ቤት ማብቃቃት ሙያ ነው። እናቶቻችን አንድ ጣሳ ቅቤ ከበዓል በዓል ያደርሱ ነበር። እሷም ያደገችበትን ነው ያደረገችው። ሉፐስ ግን ግማሽ መድኃኒት ሲያገኝ በግማሽ አይታገስም።

ልብ በሉ፣ መድኃኒቱ ውድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1955 ጀምሮ የተፈቀደ፣ የወባ መድኃኒት ዘር የሆነ፣ አሁን በጄኔሪክ የሚሸጥ ነው። በቅናሽ ካርድ ከሆነ የወሩ ዋጋ ከሁለት ሰው ምሳ ብዙም አይበልጥም። ሉፐስ ላለበት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይታዘዛል። በሽታው ቶሎ ቶሎ እንዳይነሳ ያደርጋል፣ ኩላሊትን ይጠብቃል፣ ዕድሜ ይጨምራል። ታዲያ እንዲህ ያለ ርካሽ ነገር ለምን ትቆጥባለች? ውዱ ክኒኑ ስላልሆነ ነው። ውዱ በክኒኑ ዙሪያ ያለው ነው። ቀጠሮው፣ የደምና የሽንት ምርመራው፣ የዓይን ምርመራው፣ ሁለት አውቶቡስና አንድ ባቡር የሚፈጀው መንገድ፣ የቀረው ፈረቃ። በአንድ ቀን የምታጣው ደሞዝ የበርካታ ወር ክኒን ይገዛል።

ይሄን ለዓመታት ካየሁ በኋላ የደረስኩበት አንድ ነገር አለ። የኑሮ ችግር ሉፐስ ላይ የሚሠራው ዋና ሥራ ማዘግየት ነው። በሽታው ዘግይቶ ይታወቃል። መድኃኒቱ ዘግይቶ ይወሰዳል። ሽንቱ ዘግይቶ ይመረመራል። ሉፐስ ደግሞ የዘገየን አይጠብቅም።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሉፐስ ማለት ሰውነታችን በሽታን የሚከላከልበት ኃይል ተሳስቶ የገዛ አካላችንን ሲያጠቃ ነው። ከ10 ታማሚ 9ኙ ሴቶች ናቸው። በብዛት የሚጀምረው ከ15 እስከ 44 ዓመት ባለው ነው፣ በመማሪያው፣ በመሥሪያው፣ በመውለጃው ዕድሜ። አንዷን በመገጣጠሚያ ይይዛታል፣ አንዷን በቆዳ፣ አንዷን በኩላሊት፣ ሌላዋን በልብ ሽፋን ወይም በአንጎል። አይተላለፍም። ደግሜ እላለሁ፣ አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ ልጅ ማቀፍ ምንም አያመጣም። ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለውም። ግን በ1950ዎቹ በሽታው ከታወቀባቸው ሰዎች አምስት ዓመት የሚቆዩት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ዛሬ በሀብታም አገሮች ከ10 ዘጠኙ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ።

ይሄ አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ ብዙ ነገር ይሸፍናል። እስቲ የምንኖርበትን ሰፈር እንይ። ክላርክስተን ያለችው ዲካልብ ካውንቲ ውስጥ ነው። እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን የምንኖረው ወይ ዲካልብ ወይ ፉልተን ነው። በእነዚህ ሁለት ካውንቲዎች ያሉ የሉፐስ ታማሚዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ፣ የጆርጂያ የሉፐስ መዝገብ ይባላል። ከዚያ መዝገብ ተነስቶ በ2019 የታተመ ሪፖርት ከ2002 እስከ 2016 ማን በስንት ዓመቱ እንደሞተ አይቷል። ጥቁር ታማሚዎች ከነጮቹ በአማካይ 13 ዓመት ያህል ቀድመው ሞተዋል። 13 ዓመት ማለት ኪንደርጋርተን የገባ ልጅ ሃይስኩል ጨርሶ ኮሌጅ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። እናትየው እዚያ መሐል ላይ የለችም ማለት ነው። መዝገቡ ኢትዮጵያዊ ብሎ ለብቻ አይቆጥረንም። እኛም «ጥቁር» ከሚለው ውስጥ ነን።

«ይሄ የዘር ጉዳይ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ከፊሉ እውነት ነው። ሉፐስ ጥቁር ሴቶች ላይ ከነጮች ሁለት ሦስት እጥፍ ይበዛል፣ በለጋ ዕድሜም ይጀምራል። በቤተሰብም ይታያል። ግን ተመራማሪዎች ይሄንኑ ጥያቄ ይዘው ሄደዋል። በ1994 አላባማና ቴክሳስ ላይ የተጀመረ፣ ኋላ ፖርቶ ሪኮን የጨመረ ሉሚና የሚባል ትልቅ ጥናት አለ። ከመሪዎቹ አንዷ ዶክተር ግራሴላ አላርኮን ናቸው። ጥያቄያቸው በጥናቱ ስም ውስጥ ሳይቀር አለ፤ ተፈጥሮ ነው ወይስ ኑሮ? ማን እንደሞተ ሲያዩ ድህነትን ጨምረው ሲያሰሉት ዘር ብቻውን ሞትን የሚያስረዳ ሆኖ አልቆመም። ድህነት ግን ቆመ።

ሌላም ልጨምር፣ ይሄኛው ስለ እኛ ስለሆነ። ምዕራብ አፍሪካ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ ኩላሊትን ቶሎ እንዲደክም የሚያደርግ፣ ኤፒኦኤል1 የሚባል የዘረመል ለውጥ አለ። ሉፐስ ኩላሊት ላይ ሲወጣም ነገሩን ያብሳል። በ2011 የታተመ ጥናት ኢትዮጵያውያን ላይ ሲፈልገው አላገኘውም። ይሄ ማለት ሉፐስ ኩላሊታችንን አይነካም ማለት አይደለም፣ በደንብ ይነካል። ግን የእኛ ልጅ ኩላሊቷ ሲሞት «ደሟ ነው» ብለን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ አንችልም ማለት ነው።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ የምወደውን ጥናት ልንገራችሁ። ሳንፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤድዋርድ ዬሊን የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የሉፐስ ታማሚዎችን ለዓመታት እየደወሉ ይጠይቁ ነበር። በ2017 ባወጡት ጽሑፍ ታማሚዎቹን በኑሮ ለዩአቸው። ድሃ ሆነው የማያውቁ፣ ሁልጊዜ ድሃ የሆኑ፣ ድህነት ውስጥ የገቡ፣ ከድህነት የወጡ። በሽታው በሰውነት ላይ ያደረሰው የማይመለስ ጉዳት፣ ኩላሊት፣ ልብ፣ አጥንት፣ ድሃ ሆነው በቆዩት ላይ በዛ። ይሄ አያስገርምም። የሚያስገርመው የወጡት ናቸው። ከድህነት የወጡት ሰዎች ከዚያ በኋላ የደረሰባቸው ጉዳት ድሃ ሆነው ከማያውቁት ጋር ተቀራረበ። ያው በሽታ፣ ያው ሰውነት። የተቀየረው ኑሮው ነው።

ይሄን ያነበብኩ ቀን አልቅሻለሁ። ምክንያቱም ኑሮ የሚቀየር ነገር ነው። ቢያንስ በትንሽ በትንሹ።

መዘግየቱ ከየት እንደሚጀምር እንይ። ከስሙ ይጀምራል። አገር ቤት አንዲት ልጅ ፀሐይ ላይ ውላ ስትገባ ፊቷ ቢቆጣ፣ ቢያተኩሳት፣ ከንፈሯ ቢቆስል ምን ይባላል? ምች ነው። ዳማከሴ ይታሻል፣ ይጠጣል። ጉንጯ ቢጠቁር ማድያት ነው ተብሎ ክሬም ይገዛል። እጇ ሲያብጥ ሪህ ነው፣ ትኩሳቱ ሲመላለስ ታይፎይድ ነው። የማንንም ዕውቀት እየናቅኩ አይደለም። ፀሐይ ሰው ያሳምማል ብለው ያስተዋሉ እናቶች ትክክል ናቸው፣ ሉፐስንም ፀሐይ ይቀሰቅሰዋል። ግን ምቹ በየጊዜው ከተመላለሰ፣ ፀጉር ከረገፈ፣ ጠዋት ጣት አልታጠፍ ካለ፣ ያኔ ምች ብቻ አይደለም። አገር ቤት ሉፐስን የሚያክሙት የሩማቶሎጂ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ያሉትም በብዛት አዲስ አበባ ናቸው። ከጎጃም ወይ ከወሎ ገጠር ተነስቶ እዚያ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

እዚህስ? እዚህም ቆዳችን ያዘገየናል። ብዙ የሕክምና መጻሕፍት ላይ ያለው የሉፐስ ሽፍታ ነጭ ፊት ላይ ያለ ቀይ ቢራቢሮ ነው። የእኛ ፊት ላይ ቀይ አይሆንም። ይጠቁራል፣ ወይን ጠጅ ይመስላል፣ አንዳንዴ አመድማ ይሆናል። «ሬድነስ የለም»፣ መቅላት የለም፣ ተብላ የተመለሰች ልጅ አውቃለሁ። ከሄዳችሁ ፊቱ የባሰበት ቀን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አሳዩ። «ፊቴ ወትሮ እንዲህ አልነበረም» በሉ።

አንድ በጣም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። አንዳንድ የሉፐስ ታማሚዎች ደም ውስጥ ያለ ነገር የቂጥኝ ምርመራን ያሳስታል። ቪዲአርኤል የሚባለው ምርመራ ቂጥኝ ሳይኖራቸው «አለ» ይላል። እስቲ አስቡት። ልትዳር ነው፣ ወይ አርግዛለች፣ ወይ ዓረብ አገር ለሥራ ልትሄድ ምርመራ ላይ ናት። ውጤቱ ይመጣል። ባል ይጠረጥራል፣ ቤተሰብ ያንሾካሹካል። የሚያጣራ ሁለተኛ ምርመራ አለ፣ እውነቱን ይለያል። ግን እሱ እስኪታዘዝ የልጅቷ ስም ጠፍቷል። ፀጉሯ ሳስቶ፣ አፏ ቆስሎ፣ ከስታ ከሆነ ደግሞ ሰዉ የራሱን ፍርድ ሰጥቶ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ምን ታደርጋለች? ትደበቃለች። የተደበቀ ሰው ደግሞ ክሊኒክ አይሄድም።

ሥራ ላይ ልምጣ። የእኛ ሰው ምን ይሠራል? ፓርኪንግ፣ ነዳጅ ማደያ፣ አፕ ላይ መንዳት፣ አረጋውያን ቤት፣ መጋዘን። ለታመመ ሰው ሥራን የሚጠብቅ ሕግ አለ፣ ከ1993 ጀምሮ። በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ደሞዝ ፈቃድ ይሰጣል። ግን ቢያንስ 50 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ፣ አንድ ዓመት የቆየ፣ በዚያው ዓመት 1,250 ሰዓት የሠራ ሰው መሆን አለበት። አፕ ላይ የሚነዳው ሰው እንደ ሠራተኛ ስለማይቆጠር ከዚህ ውጭ ነው። የአጎቱ ልጅ ሱቅ ውስጥ የሚሠራውም እንደዚያው። ፓርኪንግ የሚሠራው ደግሞ በሐምሌ የአትላንታ ፀሐይ ስምንት ሰዓት ይቆማል። ሐኪሙ «ከፀሐይ ራቂ» ይላል። ምክሩ ልክ ነው። ከፀሐይ መራቅ ግን ለእሷ ከደሞዝ መራቅ ነው።

ኢንሹራንሱም ሌላ ችግር ነው። ጆርጂያ ሜዲኬድን፣ መንግሥት ለድሆች የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ሁሉ አላሰፋችም። ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ያመጣችው ፕሮግራም በወር 80 ሰዓት መሥራትን ወይም መማርን የመሰለ ነገር ማሳየት ይጠይቃል። በሽታው የተነሳባት ሴት፣ ጠዋት ሸሚዟን መቆለፍ ያቃታት ሴት፣ ያንን 80 ሰዓት ከየት ታምጣ?

አሁን ደግሞ እኛው የምንጨምረውን እንይ። ቅር አይበላችሁ፣ እኔም አድርጌዋለሁና ነው። ሉፐስ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ፕሬድኒሶን የሚባል የስቴሮይድ ክኒን ይታዘዛል። ፊት ያብጣል፣ ጉንጭ ይሞላል፣ ሆድ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ምን እንላታለን? «ወይኔ! ተስማምቶሻል! አሜሪካ ተስማምቶሻል!» በደስታ ነው የምንለው። እሷ ቤት ገብታ መስታወት ፊት ቆማ ታለቅሳለች። አንዷ እንዲህ አለችኝ፦ «ሳይስማማኝ ተስማምቶሻል ሲሉኝ ሰለቸኝና ክኒኑን ተውኩት።» በአንድ ቀን ነው የተወችው።

እባካችሁ ይሄን ስሙኝ። ፕሬድኒሶን በአንድ ቀን አይተውም። ለሳምንታት የወሰደ ሰው ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን መሥራት ይተዋል። ድንገት ሲቆም ደም ግፊት ይወርዳል፣ ራስ ያስታል፣ ሊገድልም ይችላል። የሚቀነሰው ሐኪም እያየው በትንሽ በትንሹ ነው። ጸበል የምትሄዱ፣ ሂዱ። እኔም እሄዳለሁ። መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ። ያነጋገርኳቸው ካህናት ሁሉ ያሉኝ ይሄንኑ ነው።

ጾምም እንዲሁ ነው። ፕሬድኒሶን ብዙውን ጊዜ ጠዋት ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ዐቢይ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ወደ ማታ ያዞረውና ሌሊቱን ዓይኑን ሳይከድን ያድራል። አንዳንዱ ይዘለዋል። በረመዳን የሚጾሙ እህቶቻችንም ያው ጭንቀት አለባቸው። ከሐኪም በፊት ማንም አይለውጠው። ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ፣ ለኢማማችሁም ንገሩ። ለታመመ ሰው ሁለቱም ጋ መንገድ አለ። የማይነገራቸው ስለሚደበቁ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ እናትና የ12 ዓመት ልጇ ወደ ባንኮኒው መጡ። አዲስ ማዘዣ ይዘዋል፣ ለኩላሊት የሚሆን ጠንከር ያለ መድኃኒት። እናትየው ፈገግ ብላለች። «ሐኪሙ ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን አለ አለኝ፣ ልጄ ነው የተረጎመልኝ። ጾም ስለሆነ ፕሮቲን ያንሰኛል ብዬ ሳስብ ነበር፣ ጥሩ ነው አይደል?» አለችኝ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ቃሉን በትክክል ተርጉሞታል። ትርጉሙን ግን ከየት ያምጣው? ፕሮቲን ሽንት ውስጥ መታየቱ ኩላሊቷ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ወደ ጥግ ወስጄ በአማርኛ ነገርኳት። ልጁ ያን ጊዜ ያሳየው ፊት ከዓይኔ አይጠፋም። የተሳሳተው እሱ መሰለው።

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር በልጅ ማስተርጎም አይገባውም። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ» በሉ። በስልክም ያመጡታል። ልመና አይደለም፣ መብታችሁ ነው።

የመጋቢት 2020ንም ሳላነሳ አላልፍም። በዚያ ወር ሃይድሮክሲክሎሮኪን ኮቪድን ያድናል ተባለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ማዘዣው እንደ ጎርፍ መጣ። ያልታመመ ሰው ቤቱ ሊያከማች ይፈልጋል። ለዓመታት የወሰዱት የሉፐስ ታማሚዎች መጥተው «የለም» እያልኩ መለስኳቸው። የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መጋቢት 28 የሰጠውን የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ሰኔ 15 መልሶ አነሳው፣ ለኮቪድ ይጠቅማል የሚል ማስረጃ ስላልነበረ። በእነዚያ ሳምንታት መድኃኒቱን ያገኘው ማን ነው? ሐኪሙን በስልኩ በቀጥታ የሚያገኘው፣ መኪና ይዞ ስድስት ፋርማሲ የሚዞረው ነው። በአውቶቡስ የመጣችው ሴት አንዴ ነው የምትጠይቀው፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ነው።

ወደ መጨረሻው እየመጣሁ ነው። አሜሪካ በ1972 ያወጣችው ሕግ አለ። ኩላሊቱ ጨርሶ የሞተ ሰው፣ እሱ ወይም የትዳር ጓደኛው በቂ ዓመት ከሠሩ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ሜዲኬር የሚባለውን፣ በብዛት ለአረጋውያን የሚሰጠውን የመንግሥት ኢንሹራንስ ያገኛል። እጥበቱን መንግሥት ይከፍላል። ትልቅ ሕግ ነው፣ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ግን አንዲት ሴት ኩላሊቷ ገና ሲጀምራት ኢንሹራንስ የላትም። የሽንት ምርመራው ከኪሷ ነው፣ ቀጠሮው ከኪሷ ነው። ኩላሊቷ ሲሞት ካርዱ በፖስታ ይመጣል።

እኛስ? እድራችንን እወደዋለሁ። አባቴ ያረፈ ጊዜ እድሩ ባይኖር ወድቄ ነበር። አንድም ነገር ሳላስብ አስከሬኑ አገሩ ገባ። ግን ስለ እህቶቻችን ሳስብ ይሄ ነገር ያሳዝነኛል። አንዲት ሴት ብትሞት አስከሬኗን አዲስ አበባ ለማድረስ በሁለት ቀን ውስጥ የሚሰበሰበው ገንዘብ በሕይወት ሳለች ለዓመታት ክሊኒክ ያመላልሳት ነበር። ገንዘቡ አለ፣ ፍቅሩም አለ። የሚመጣው ግን ዘግይቶ ነው።

ከአንድ ዓመት በፊት ከአምስት ሴቶች ጋር ሆነን አንድ ነገር ጀምረናል። ስም የለውም፣ ማኅተም የለውም። የምንሠራው ሦስት ነገር ነው። የሐኪም ቀጠሮ ያላትን እህት በመኪና እናደርሳለን፣ እንመልሳለን። በየሦስት ወሩ «ሽንትሽን ተመረመርሽ ወይ?» ብለን እንደውላለን። ሐኪሞቹን ደግሞ የ30 ቀኑን መድኃኒት ለ90 ቀን እንዲጽፉት እንጠይቃለን። ይሄ የመጨረሻው ምንም ወጪ የለውም። አንድ የስልክ ጥሪ ነው፣ አብዛኞቹም እሺ ይላሉ።

ያቺ መድኃኒቷን ስታብቃቃ የነበረችው እህት በዚሁ መንገድ ሄደች። አንዷ ጓደኛችን ማክሰኞ ጠዋት ፈረቃ የላትምና ወሰደቻት። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ። ገና ጅምር ላይ ነበር። ከኩላሊቷ ናሙና ተወሰደ፣ መድኃኒት ተጨመረላት። አሁን ሥራዋ ላይ ናት። ከረጢቷም በመጣ በሁለተኛው ቀን ይወሰዳል። እኔ ነኝ የማስረክባት፣ አውቃለሁ።

በር አጠገብ ቡናው ካለበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አለ። ሁለት ዓምድ ነው። በአንዱ መኪና ያላችሁና በሳምንት አንድ ጠዋት ነጻ የምትሆኑ ስማችሁንና ቀኑን ጻፉ። ረቡዕ ጠዋት ማንም የለንም። ሌላኛው ዓምድ የሚያደርሳችሁ ለምትፈልጉ ነው፣ ግን በሰው ፊት መጻፍ ለሚከብዳችሁ ብዬ ባዶ ትቼዋለሁ። እኔ እዚሁ ነኝ፣ ወንበሩ እስኪታጠፍ እቆያለሁ። ጠጋ በሉና በጆሮዬ ንገሩኝ።